በእናቴ በር ላይ የጻፍኩት

ሥራዬ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሕፃናትን የፖሊዮ ክትባት ማጠጣት ነው፤ ሁለት ጠብታ አፍ ውስጥ፣ ትንሿ ጣት ላይ ቀለም፣ በሩ ላይ ደግሞ በጠመኔ «ተከትቧል»። የእሱ ሥራ በማግስቱ እየዞረ እውነቴን መሆን አለመሆኑን ማጣራት ነው። ተቆጣጣሪ ይሉታል። እኔ ግን «የጣት ዳኛ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ የሰፈሩ ሕፃን ሁሉ እሱን ሲያይ ጣቱን ይቀስራላ!

ሦስት ዘመቻ አብረን ሠራን። በመጀመሪያው ተጣላን፣ በሁለተኛው ሻይ ተገባበዝን፣ በሦስተኛው ልቤ ሸፈተ።

«ዘመቻው ሲያልቅ እናትሽን ላነጋግር እመጣለሁ» አለኝ አንድ ቀን፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ።

«ማን ከለከለህ?» አልኩት እኔም፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ጉዱን ያመጣችው እናቴ ናት። እህቴ ሥራ ስትውል የሰባት ወር ልጇን የምትይዘው እሷ ናት። የእሷ ቤት ተራ በደረሰ ቀን ሕፃኑን ትንሽ አተኮሰውና «በትኩሳት ላይ መድኃኒት አይጨመርም!» አለች። ቀላል ትኩሳት ክትባት እንደማይከለክል ብነግራት፣ ብለምናት፣ ወይ ፍንክች! ሰፈሩን ሙሉ ያሳመንኩ ሰው የገዛ እናቴ አቃተችኝ። አፈርኩ። ነገ አጠጣዋለሁ ብዬ ራሴን ሸንግዬ፣ በሩ ላይ «ተከትቧል» ብዬ ጻፍኩ።

በማግስቱ እሱ ቀደመኝ።

«ጣቱ ንጹሕ ነው» አለኝ፣ መዝገቡን ደረቱ ላይ አጥብቆ እንደያዘ።

«አሁኑኑ አጠጣዋለሁ። አንድ ልጅ ነው እኮ!»

መዝገቡን ገለጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«በየአገሩ ስንት ሺህ ሰው እየዞረ በሽታውን ከዓለም ሊያጠፋው የተቃረበው ‹አንድ ልጅ ነው› ባለማለቱ ነው። እጽፈዋለሁ፣ ዓለሜ።»

ጻፈው። ከሥራ ታገድኩ። «ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!» ብዬው ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። ይበልጥ ያናደደኝ ልክ መሆኑ ነው።

በሦስተኛው ቀን ያመለጡ ልጆች ይከተቡ ነበር። በእኔ ቦታ ሰው ስለጎደለ የክትባቱን ሣጥን ዳኛው ራሱ ተሸክሞ መጣ። እናቴ ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፤ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነኝ።

«ልጄን ያሳገድካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እሷ እኮ ይወደኛል ትል ነበር።»

«እወዳታለሁ። ግን ይሄ ልጅ ነገ እግሩ አልንቀሳቀስ ቢለው፣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ ሕፃኑን አቅፋ አመጣችለት።

«ጥፋቱስ የኔ ነበር» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራችኝ። «አንቺ! ነይ ውጪ! ላንቺ ብሎ ያልዋሸ ሰው አንቺንም አይዋሽሽም።»

ወጣሁ። ሕፃኑ ስለሚወራጭ ጠብታውን አፉ ውስጥ ማስገባት አቃተው። እጁን ደግፌ ያዝኩለት። ሁለቱ ጠብታዎች ገቡ።

«ተቀይመሽኛል?» አለኝ።

«በጣም!» አልኩት። እጁን ግን አልለቀቅኩትም።