አርባኛው ስርቆት

ኤሜት ፔልተን የተገኘው ከቤዝቦል ሜዳው የመዝጋቢ ክፍል በሚያወርደው የእንጨት ደረጃ ግርጌ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ሰባ አራት ዓመቱ ነው። የኅዳር በረዶ ጀርባውን በስሱ ሸፍኖታል። የአልደን ከተማ ቡድን የመጨረሻ ጨዋታውን ካደረገ ሁለት ወር አልፎት፣ በሜዳው ላይ ከቁራ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም።

«አዳልጦት ነው» አለ ሐኪሙ ጓንቱን እያወለቀ። «ሽማግሌ፣ በረዶ፣ ደረጃ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

«መነጽሩን» አለ መርማሪ ሎዌል ኮርሊስ።

ከሬሳው አጠገብ የተሰነጠቀ መነጽር ወድቋል። ኮርሊስ አንስቶ መዳፉን አየበት፤ መስመሮቹ ጎልተው ታዩት። ቀና ብሎ ሜዳውን ሲያይበት ግን ሁሉም ጉም ሆነ። ደረጃውን ወጣ። ሟቹ ሲሄድ የሚያደርገው ሌላው፣ የሩቅ ማያው የዓይን መነጽር በማኅደሩ ውስጥ እንደተከደነ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ኤሜት ለአርባ አንድ ዓመት የእያንዳንዱን ጨዋታ ዝርዝር በእርሳስ የጻፈባቸው መዝገቦች በመደርደሪያው ላይ በየዓመታቸው ተሰልፈዋል። በ1950 እና በ1952 መካከል ግን አንድ ክፍተት አለ።

የሟች እህት ሄዘል ፔልተን ኮርሊስን ወጥ ቤቷ አስቀመጠችው። ሳታስበው ሁለት ሳህን አቅርባ ነበርና አንዱን መልሳ አነሳች።

«ያለ ሩቅ ማያው አንዲት ደረጃ አይወርድም ነበር» አለች። «ለነፍሱ ይፈራ ነበር።»

«ሰሞኑን እንዴት ነበሩ?»

«ደስ ብሎት ነበር! እኔን የገረመኝ እሱ ነው። ባንድ ጣሪያ ሥር አርጅተን ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ‹ሐሙስ ዴልበርት ይመጣል፤ አንድ ነገር እገላገላለሁ› አለኝ። ረቡዕ ሞተ።»

ዴልበርት ኖክስ ከአንድ ዕቃ መሸጫ በላይ ባለ ፎቅ ብቻውን የሚኖር የሃምሳ ሰባት ዓመት ሰው ነው። በ1951 በአንድ የጨዋታ ዘመን አርባ ጊዜ ኳሷን ከአጥር በላይ ልኳል፤ አርባ ጊዜ ደግሞ ተጋጣሚው ሳያስበው ወደ ቀጣዩ የሩጫ ማረፊያ ሮጦ፣ በጨዋታው ቋንቋ ‹ቤዝ ሰርቋል›። ጉልበተኛው ይከብዳል፣ ፈጣኑ ክንደ ቀላል ይሆናል፤ ሁለቱ ባንድ ገላ የሚያድሩት ከስንት አንድ ነው። በዚያ ሊግ ከኖክስ በፊትም ሆነ በኋላ ሁለቱንም አርባ ያደረሰ የለም።

«ኤሜት ባለፈው ሳምንት እዚሁ መጥቶ አለቀሰ» አለ ኖክስ። «‹ከአርባው ስርቆት አንዱ ያንተ አይደለም። ወርዋሪው ኳሷን ስቶ ሲሰዳት ነው ያለፍከው፤ እንዲህ ያለው ስርቆት ተብሎ አይጻፍም። ወድጄህ ጻፍኩልህ፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሲጎረብጠኝ ኖረ› አለኝ።»

«ተናደዱ?»

«ተገላገልኩ እንጂ! በዚህ ከተማ እኔን ሰላም የሚል የለም፣ ሰላም የሚባለው ቁጥሩ ነው። ‹እንዴት አደርክ፣ አርባ አርባ!› ይሉኛል። ሐኪም ልብህ ደክሟል ብሎኛል፤ የእኔ ባልሆነ ቁጥር ሥር መቀበር አልፈልግም። ፋቀው አልኩት። ለሊጉ ደብዳቤ ሊጽፍ ተስማማን።»

«የትኛው ጨዋታ ላይ ነበር?»

«እኔም አላውቅም። ሐሙስ ገጹን ሊያሳየኝ ነበር። ‹ካንተ በቀር ለማንም አላወራሁም› ብሎኛል።»

ሬሳውን ያገኘው የሜዳው ጠባቂ ዌንደል ትሪፕ ነው። መኖሪያው ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ኮርሊስ ሲደርስ የውሃ ቧንቧዎቹ እንዳይፈነዱ በጨርቅ እየጠቀለለ ነበር። በ1951 በዚያው ቡድን ከኖክስ ቀጥሎ ኳስ ለመምታት የሚገባው እሱ ነበር።

«ኤሜትን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ጨዋታ ካበቃ ወዲህ አይቼው አላውቅም። እዚያ ክፍል ምን አወጣኝ?»

«ከኖክስ አርባ ስርቆቶች አንዱ ሐሰት ነው ይባላል።»

የዌንደል እጅ ቆመ። «አሁን ምን ይሉታል? ሃያ ሰው እንኳ ያላየውን የሐምሌ ጨዋታ ከመቃብር ቆፍሮ ማውጣት ለማን ይበጃል?»

ኮርሊስ አመስግኖት ወጣ። ምሳውን መኪናው ውስጥ ብቻውን በላ፤ ሚስቱ ከሄደች ወዲህ ልማዱ ነው። ሳንድዊቹን ግን አልጨረሰውም።

ለቀብሩ የመጣው ሰው ጥቂት ነበር። ከቀብር መልስ ኮርሊስ ሄዘልን፣ ኖክስንና ዌንደልን ወደ ሜዳው ይዟቸው ሄደና በታችኛው ረድፍ አስቀመጣቸው።

«ኤሜት አላዳለጠውም» ሲል ጀመረ። «የማንበቢያ መነጽሩን አድርጎ ደረጃ የሚወርድ ሰው አልነበረም። ሲያነብ የነበረውን ነገር አንድ ሰው ነጥቆት ሮጠ፤ እሱም መነጽር ሳይቀይር ተከተለው። የጎደለው የ1951 መዝገብ ብቻ ነው። ስለዚህ ነጣቂው ሐሰተኛው ስርቆት የት እንደተጻፈ አይቷል።»

«ታዲያ ከዴልበርት ሌላ ማን ይጎዳል?» አለች ሄዘል ፊቷን ወደ ኖክስ አዙራ።

«እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር፣ ሚስ ሄዘል። ኖክስ ግን የትኛው ጨዋታ እንደሆነ አያውቅም። ገዳዩ እሱ ቢሆን ኖሮም ለግድያው ምክንያት የሚሆንበትን የደብዳቤ ነገር ራሱ ባልነገረኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ሚስተር ትሪፕ፣ እርስዎ ግን ‹የሐምሌ ጨዋታ› አሉኝ። ወሩን ማን ነገረዎት?»

ዌንደል ዘወር ብሎ የክፍሉን በር አየ።

«መዝገቡን አላቃጠሉትም» አለ ኮርሊስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእርስዎም ስም የተጻፈው እዚያ ብቻ ነውና።»

ዌንደል ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ሲመለስ መዝገቡን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር።

«ቧንቧ ላራግፍ ነው የወጣሁት» አለ። «ደስ ብሎት ጠርቶ አሳየኝ። አርባውን ሊያጎድለው! ሠላሳ ዘጠኝ! ነጠቅኩት። ደረጃው ላይ እጄን ያዘኝ፣ ገፋሁት። አንዴ ብቻ ነው የገፋሁት።»

«ቁጥሩ የዴልበርት ነው! አንተን ምን ነካህ?» አለች ሄዘል እያለቀሰች።

«የሱ ብቻ? እሱ ሲሮጥ እኔ ኳሷን ከመታሁ ሩጫው ስርቆት ተብሎ አይቆጠርም። እሱ እንዲሰርቅ ዱላዬን ትከሻዬ ላይ ጭኜ ቆምኩ፤ እንደ ማር የሚመቱ ኳሶች ባፍንጫዬ ሥር አለፉ። በመስከረም ‹አትመታም› ብለው አባረሩኝ። ሌላ ቡድን አልወሰደኝም፤ ሣር አጫጅ ሆንኩ። አርባው ሙሉ ሲሆን የቆምኩለት ነገር አለ። ሲጎድል ምን አለኝ?»

ኮርሊስ ክንዱን ያዘው። ዌንደል ግን አልተንቀሳቀሰም፤ ወደ ኖክስ ዞረ።

«አንድ ነገር ንገረኝ፣ ዴልበርት። ነግሬህ አላውቅም። ግን ታውቅ ነበር አይደል? ላንተ ብዬ እንደምቆም?»

ኖክስ ባርኔጣውን በጣቶቹ አሽከረከረ። አዎ ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር።

«መምታት የማትችል መስሎኝ ነበር» አለ።

ነፋሱ የመዝገቡን ገጾች አገላበጣቸው። ዌንደል መዝገቡን ከድኖ ለመርማሪው ሰጠ።

«እችል ነበር» አለ።