ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው መስመር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም፣ ጓደኞቼ ስለ ሙት መንፈስ ሲያወሩ የምስቅባቸው እኔ ነበርኩ፣ እታለምም እንደዚያው ነበረች። እታለም የምላት ታላቅ እህቴን ነው።

የመጨረሻው ደህና ቀናችን ጳጉሜን 2 ነበር። እንጅባራ፣ ቤታችን ቁጭ ብለን መጠይቅ ወደ ኤክሴል እናስገባለን፣ ለማስተርስ ጥናቷ ከድንች አምራች ገበሬዎች የሰበሰበችው ነው፣ እሷ ቅጹን ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ አንድ ቅጽ ባለቀ ቁጥር በእርሳሷ ጫፍ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ ታደርጋለች። ቀጥል ማለቷ ነው።

«እኛስ ድንች እናመርት የለ? የእኛ ቤት ለምን አይጠየቅም?» አልኳት።

«የእኛን መጨረሻ ላይ ራሴ እሞላዋለሁ።»

«አሁን ሙይው፣ እኔ ልመልስልሽ።»

«አንተን ማን አምኖ? በዜሮ ፋንታ የእንግሊዝኛ ኦ ጽፈህ ዓምዱን በሙሉ ያበላሸኸው አንተ አይደለህ? አባየን ነው የምጠይቀው» ብላ ሳቀችብኝ።

በማግስቱ የቀሯትን ጥቂት ቅጾች ለማስሞላት ዳንግላ ሄደች፣ ስትመለስ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ቅጾቹ ከነቦርሳዋ ምንም ሳይሆኑ መጡ። እሷን ጳጉሜን 4 ቀበርናት። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

አርባዋ ሊደርስ ሲል ጥናቷን ያማክራት የነበረው መምህሯ ደወለልኝ። «ወንድሜ፣ ዲግሪዋ በስሟ እንዲሰጥ ጠይቀን ተፈቅዷል፣ ጽሑፏም ከውጤቱ በቀር አልቋል፣ ውጤቱን እኔ አወጣዋለሁ፣ የቀረው ዳታው ወደ ስታትስቲክስ ፕሮግራሙ መግባቱ ነው። ነገ ጠዋት ካልደረሰኝ ግን ጊዜው ያልፋል። ደግሞ መስመሩና ወረቀቱ እኩል ይሁን፣ ፈታኞቹ ወረቀት የሌለው መስመር ካገኙ ሥራዋን በሙሉ ይጥሉታል።»

እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው የጨረስኩት፣ ፕሮግራሙን እሷ ስትሠራበት ከማየት በቀር አላውቀውም። ቤተሰቡ ለተዝካሩ ዝግጅት አጎቴ ቤት ሄዷል፣ ቀኑ መሸት ብሏል፣ ጭጋጉ መስኮቱ ላይ ተለጥፏል፣ ብቻዬን ነኝ። የዳንግላዎቹን ቅጾች ኤክሴሉ ላይ ጨመርኩ፣ ወረቀቶቹን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው፣ ኤክሴሉም ሁለት መቶ አሥራ ሁለት መስመር ነው። አስገባሁት፣ ገባ፣ ግን በጳጉሜን የተሞሉት ቅጾች ቀናቸው ሁሉ ባዶ ሆነ። እኛ ቀኑን በራሳችን አቆጣጠር ነበር የጻፍነው፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አያውቅም፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ሲያይ ይተወዋል።

ባዶዎቹን ለመቁጠር ወደ ታች ወረድኩ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ቀኑ አልጠፋም። 4፣ ወር 13። የመስመሩ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

እመኑኝ፣ መጀመሪያ አልፈራሁም፣ በዜሮ ፋንታ እንደጻፍኩት ኦ ይሄም የእኔ ስህተት ነው ብዬ ኤክሴሉን ከፈትኩ፣ እዚያ የለም። ፕሮግራሙ ላይ ሰረዝኩት፣ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን ሦስት ዓምድ ላይ ለያይቼ እንደገና አስገባሁ፣ የጳጉሜን ቀኖች ሁሉ መጡ፣ ደስ አለኝ፣ ወደ ታች ስወርድ እሱም አለ። ያን ጊዜ አነበብኩት። የመሬቱ ስፋት የእኛ መሬት ነው። የቤቱ አባወራ ዕድሜ የአባየ ዕድሜ ነው። ቀኑ የቀበርናት ቀን ነው። ጠያቂ የሚለው ዓምድ ላይ 1 ይላል፣ እታለም 1 ናት፣ አብሬያት ወጥቼ የጠየቅኳቸው ቅጾች ላይ እኔ 2 ነኝ። የቤተሰብ ብዛት፣ 5። አባየ፣ እማየ፣ ታናሻችን፣ እኔ። አራት ነን እኮ።

ጠረጴዛው ሁለቴ መታ መታ ተደረገ።

እርሳሷ ከመጻሕፍቷ ጋር ሣጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ራሴ ነኝ የቆለፍኩበት። ኮምፒውተሩን እንኳ ሳላጠፋ ወጣሁ፣ ቤተሰቡ እስኪመለስ ደጅ፣ ብርዱ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፣ ለማንም አልተናገርኩም።

ጠዋት ተመልሼ አየሁት፣ መስመሩ አለ። መሰረዝ እችል ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ። እንዳለ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩትና ከቦርሳዋ አንድ ባዶ ቅጽ አውጥቼ አባየ ዘንድ ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ለድንኳኑ ምሰሶ ጉድጓድ ይቆፍራል።

«አባየ፣ ለእታለም ወረቀት ነው፣ ቤታችን ስንት ሰው ነው?»

ቀና አላለም። በአዊኛ «አምስት» አለኝ፣ ቆይቶ ደግሞ «ለእሷ ነግሬያት የለም እንዴ?» አለ።

«መቼ?» አልኩት።

መቆፈሩን ቀጠለ። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁትም።

ቅጹን ከመስመሩ እያየሁ ሞላሁት፣ ጠያቂ የሚለው ላይ 1 ጻፍኩ፣ ከወረቀቶቹ ሥር አስገባሁት፣ በባጃጅ ወስጄ ለመምህሯ ሰጠሁት።

«ቁጥሩ እኩል ነው?» አለኝ።

«እኩል ነው።»

ኮምፒውተሩን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም። እታለም የእኛን ቤት መጨረሻ ላይ እሞላዋለሁ ነው ያለችው፣ ግን መጨረሻው ያ መስመር መሆኑን በምን አውቃለሁ።