እንድታድግበት

ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ሊገባ ሲል፣ በአንዲት የወንዝ ዳር ከተማ የሰዓት ጠጋኟና የጫማ ሰፊው ሱቆች በአንድ ስስ ግድግዳ ተጎራብተው ነበር፤ ከወዲያ የሰዓቶች ምት፣ ከወዲህ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ሰዓት ጠጋኟ ከድንበር ማዶ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ደቃቃ ሴት ናት፤ ጫማ ሰፊው የአገሩ ተወላጅ፣ ሚስቱን ቀብሮ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ሰው። ሁለቱም አንዳንድ ሴት ልጅ ነበረቻቸው፤ ልጆቹም እኩያ፣ አሥራ አንድ ዓመታቸው።

የጫማ ሰፊውን ልጅ አንድ ቦታ ስለማትረጋ «እንዝርት» ይሏታል፤ የሰዓት ጠጋኟን ልጅ ደግሞ ከእኩዮቿ ሁሉ አጭር ስለሆነች «ጠብታ»። ጫማ ሰፊው ግን «ጠብታነቷ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ነው፤ እግሯማ የወታደር እግር ነው» እያለ ያበሽቃት ነበር። እውነቱን ነው፤ የረጅሟ የእንዝርትና የአጭሯ የጠብታ እግር ልኩ አንድ ነበር። ስለዚህም ለሁለቱ አንድ ጥንድ ፎርማ ብቻ ጠረበላቸው፤ ጫማው ተወጥሮ የሚሰፋበትን፣ በእግር አምሳል የተቀረጸውን እንጨት ማለት ነው። የልጅ እግር ሲያድግ ሌላ ከመጥረብ ይልቅ በአሮጌው ላይ በየዓመቱ አንድ ስስ የቆዳ ቁራጭ በሚስማር ይመታበታል፤ የሁለቱ እድገት እዚያ እንጨት ላይ ተደራርቦ ይታይ ነበር። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ ለምዳለች፤ ሲጣሉ እንዝርት በጠብታ ቋንቋ፣ ጠብታም በእንዝርት ቋንቋ ትሳደባለች። «በደንብ እንዲገባት ብዬ ነው!» ትላለች እንዝርት።

ጫማ ሰፊው በሌላ ነገር ዝምተኛ ነው፤ የጫማ ነገር ከተነሳ ግን ማቆሚያ የለውም። «የመንገድ ጫማ ልክ ይሁን፤ የጠበበ ቆዳ ሲለበስ ይላላል፤ የሰፋ ግን እግር ይልጣል» ይል ነበር። እንዝርት ይህን መቶ ጊዜ ሰምታዋለች፤ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል እንጂ።

አንድ ማለዳ አዋጅ ነጋሪው አደባባዩ ላይ ቆሞ አነበበ፤ ከጠላት አገር የመጣ ሁሉ፣ ሴት ወንድ ሳይባል፣ ሽማግሌ ሕፃን ሳይለይ፣ ተሰብስቦ በዘበኛ ይጠበቅ ዘንድ የጦሩ አዛዥ አዝዘዋል። አንብቦ ሳይጨርስ ወታደሮቹ በር ይደበድቡ ጀመር። ሰዓት ጠጋኟ በቤት ነጠላ ጫማዋ፣ ጠብታ ደግሞ አፉ በተከፈተው ባለፈው ዓመት ጫማዋ ወጡ፤ አዲሱ በዚያው ሳምንት ሊሰፋላት ነበር። ከከተማው ዳር ባለ አሮጌ የሱፍ መጋዘን ውስጥ፣ በሽቦ ታጥረው ሠላሳ ቀን ተቀመጡ። ባዶው ሱቅ ውስጥ የቀሩት ሰዓቶች አንድ በአንድ ቆሙ።

ከዚያም ክፉ ወሬ መጣ፤ እስረኞቹ ከሦስት ቀን በኋላ በእግራቸው ወደ ድንበሩ ሊነዱ ነው፤ የአሥራ ሁለት ቀን መንገድ።

«አባባ፣ የጠብታ ጫማስ?» አለች እንዝርት።

ጫማ ሰፊው ከሚሰፋው የወታደር ቦት ጫማ ላይ ቀና አላለም። «የምን ጫማ? ቤት ውስጥ ያለው ቆዳ በሙሉ የጦሩ ማኅተም ያረፈበት ነው። አንዲት ቁራጭ ብትጎድል የመቶ አለቃው ወህኒ ይከተኛል፤ አንቺን ማን ያሳድግሻል?»

«በዚያ ቀዳዳ ጫማ አሥራ ሁለት ቀን ልትሄድ?»

«አትችልም። አውቃለሁ።»

«ካወቅክ ታዲያ ዝም ትላለህ?»

«እኔስ ምን ላድርግ፣ የኔ እናት? ቆዳ ከየት ልፍጠር?»

እንዝርት እንደ ቆመች የለበሰውን የቆዳ ሽርጥ ታየው ጀመር። እሱም የምታየውን አየ።

«አይ አንቺ!» አለ፤ «ከአባቴ የወረስኩትን?» እጁ ግን ወደ ማሰሪያው ሄዶ ነበር።

ሽርጡ ለላይኛው ሆነ፤ ለሶሉ የበርጩማውን የቆዳ መቀመጫ ገነጠለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንጨት ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ጭኑን በጆንያ ሸፍኖ ይሠራ ነበር።

የጠብታን እግር ሄዶ መለካት አይቻልም፤ ግን ማን መለካት ፈለገ! ፎርማው አለ። እንዝርት ልታመጣው ጓዳ ገባች፤ እዚያ ሳለች አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ምነው ባልመጣባት! ጠብታ እስክትመለስ ዓመት ይሞላታል፤ በዚያ አገር ማን ጫማ ይሰፋላታል? ቢጠብባትስ? መዶሻውን አነሳችና የሚቀጥለውን ዓመት ቁራጭ በፎርማዎቹ ላይ አሁኑኑ መታችው። አባቷን አልጠየቀችም፤ ብትጠይቀው የሚለውን ታውቀዋለች። ጫማ ሰፊውም የደከመ ዓይኑ ሥራው ላይ፣ ጆሮው በሩ ላይ ሆኖ፣ ከልጁ እጅ የተቀበለውን ፎርማ ሳይመረምር ሰፋበት።

ጫማው እንዳለቀ እንዝርት ይዛው ወደ መጋዘኑ አጥር ሄደች። አጥሩን የሚጠብቀው አሥር አለቃ የጫማ ሰፊው ደንበኛ ነበር፤ «ሳሌን እስክጨርስ ጨርሱ» ብሎ ጀርባውን ሰጣቸው። ጠብታ ከስታ ከስታ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። በሽቦው ቀዳዳ የገባላትን ጫማ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።

«የአባባን ሽርጥ ይሸታል» አለች።

«ሽርጡ ራሱ ነው።»

«ውይ! አሁን ምን ለብሶ ይሠራል?»

«ጆንያ። ጌታ መስሏል።»

ሁለቱም ሳቁ። አሥር አለቃው ሳሉን ጨረሰ፤ ጠብታ ጫማውን ለመሞከር እንኳ ጊዜ አላገኘችም። «ፎርማችንን ለሌላ ሰው እንዳትሰጪ» አለች እየተጎተተች።

«ማንስ እንዲህ ያለ ትልቅ እግር አለው?» አለች እንዝርት። ማልቀስ ሲገባት ቀለደች፤ ይህም ኋላ አንገበገባት።

በማግስቱ ሰዎቹ ተነዱ። ጦርነቱ ሌላ ሦስት ዓመት ቆይቶ አበቃ፤ የሄዱትን ግን ይዞ አልመጣም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሱቁ በር ተከፈተና ሰዓት ጠጋኟ ብቻዋን ገባች። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። ሶሉ የተበሳሳ ጥንድ ጫማ ከእቅፏ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ነጠላ ጫማዬ በሁለተኛው ቀን አለቀ» አለች ሳትቀመጥ። «ልጄ ‹እማ፣ አዲሱ ሰፊ ነው፤ ከእግሬ እየወጣ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፤ አንቺ አድርጊው› አለችኝ። አደረግሁት፤ በልኬ የተሰፋ ይመስላል። እሷ በአሮጌው ሄደች። በስምንተኛው ቀን እግሯ ቆሰለ፤ ቁስሉ ትኩሳት አመጣባት፤ በአሥረኛው ቀን ከአንድ ድልድይ አጠገብ ቀበርኳት።»

ጫማ ሰፊው እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«የመጣሁት ለአንድ ጥያቄ ነው» አለች። «የሁለቱ ፎርማ አንድ ነው፤ አንተም ልክ አትስትም። እንዴት አልሆናትም? ለእኔ ስትል ዋሽታኝ ነው። እኔስ ውሸቷን እያወቅሁ ይሆን የልጄን ጫማ የተጫማሁት? ይኸው ሦስት ዓመት ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ።»

«በፎርማዋ ነው የሰፋሁት» አለ ጫማ ሰፊው በተሰበረ ድምፅ፤ «ልኳ ነበር።» ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች።

እንዝርት አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት የሚሆን ዕድሜ ላይ ነበረች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም፤ ዝም ለማለትም ልቧ ተመኝቶ ነበር፤ ልጅ ናትና ማን ይፈርድባታል! ነገር ግን ጓዳ ገብታ ከዚያ ወዲህ ማንም ያልሰፋበትን ፎርማ አምጥታ በሴትዮዋ እጅ አኖረችው።

«እትዬ፣ ጠብታ አልዋሸችዎትም። ጫማው በእውነት ሰፊ ነበር። ይቺን የመጨረሻዋን ቁራጭ እኔ ነኝ የጨመርኩት፤ አባባም አያውቅም።»

«ለምን?»

«እንድታድግበት ብዬ።» መሬት ላይ ተቀምጣ ጮኻ አለቀሰች።

ሰዓት ጠጋኟ ቁራጮቹን በጥፍሯ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «እውነቷን ነበር» አለች በሹክሹክታ፤ «ልጄ እውነቷን ነበር።» ከዚያም ከእንዝርት አጠገብ ወርዳ ተቀመጠች። «አንቺን ምን ልበልሽ? እኔን ያተረፈኝ ያንቺ ስህተት ነው፤ እንዳላመሰግንሽ የሞተችው ልጄ ናት፤ እንዳልረግምሽ አንቺም ልጄ ነሽ።»

የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ስለ አዛዡ ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ ስለ ተነዱት ሰዎች ግን አንድ መስመር፤ ስድስት መቶ ወጥተው ሁለት መቶ የማይሞሉ ድንበሩን ተሻገሩ ይላል። ስለ ሽርጡም፣ ስለ ቁራጩ ቆዳም የሚል ነገር የለም። እንዝርት አድጋ ጫማ ሰፊ ሆነች፤ ወደ እርጅናዋ እስክትደርስ የማንንም ልጅ እግር በገዛ እጇ ሳትለካ ጫማ ሰፍታ አታውቅም። ያን ፎርማ ለማንም አልሰጠችውም፤ ቁራጩንም አልነቀለችውም። ከመደርደሪያው ላይ አውርዶ የለካው ሰው የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ እግር ነው ይላል፤ ጠብታ ግን አሥራ ሁለት አልሞላትም።