እሷ ስትገባ ይበራል

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ሂሳቤን ከፍዬ ከካፌ የምወጣ ሰው ነኝ። ዲላ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ፣ ጋኔን ነው የተባለው ሁሉ ወይ የላላ ሽቦ ወይ አይጥ የበላው ገመድ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ "መኪናዬ ላይ አስደግመውባት ነው" ብሎ የመጣውን ሰውዬ እንኳ በአንድ ፊውዝ ነው የሸኘሁት። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ቀናተኛ ነኝ። ባለሱቁ ለሚስቴ ለመሲ ትንሽ ሰፋ አድርጎ ከሳቀላት እራት አይወርድልኝም፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ጅግሶ የሚባሉ የሬኮ መንደር ቡና ገበሬ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ገዝተው አመጡልኝ። የዳሽቦርዱ መብራት አይሠራም፣ ሲመሽ ፍጥነቱም ነዳጁም አይታይም። ጋሽ ጅግሶ አፋቸውን የፈቱት በጌዴኦኛ ነው፣ አማርኛቸው ይጣፍጣል፣ ግን እሱና እሷን መለየት ላይ ግድ የላቸውም፣ "ልጄ ታደለ ዩኒቨርስቲ ገባች" ብለው የሚኮሩ ሰው ናቸው።

"የድሮ ባለቤቱ ታምራት የሚባል የአሪቻ ሾፌር ነበረች፣ ታማ ሞተች" አሉኝ። "ይሄ መብራት ደግሞ እሷ ስትገባ ይበራል፣ እሷ ስትወጣ ይጠፋል። አሪቻ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።"

"እሷ የሚሉት ፊውዙን ነው አይደል ጋሼ?"

ትንሽ አዩኝና "እንግዲህ ባለሙያው አንተ ነህ" ብለው ሄዱ።

እኔም ፊውዙ በደንብ አልገባ እያለ ነው ብዬ ቀየርኩት፣ ምንም የለም። ዳሽቦርዱን ፈታሁ፣ አምፖሎቹን ከጀርባ አንድ በአንድ አወጣኋቸው፣ ስድስቱም ተቃጥለዋል፣ ጠረጴዛዬ ላይ ጨርቅ ዘርግቼ ደረደርኳቸው። ባትሪውንም ነቅዬ መሬት ላይ አስቀመጥኩ። ይህን ያዙልኝ፣ ባትሪው መሬት ላይ ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዝናቡ ወረደ፣ የከተማው መብራትም እንደልማዱ ሄደ። መሲ ከገበያ ስትመለስ ዝናብ መቷት እየሮጠች ጋራዡ ገባች። "ጋቢና ገብተሽ ተቀመጪ፣ እጄን ልታጠብና እንሄዳለን" አልኳት። የዚያ ፒክአፕ የተሳፋሪ በር፣ እመኑኝ፣ ጠዋት እኔን ግማሽ ሰዓት አታግሎኛል፣ እጀታውን ወደ ላይ ስበው ከሥር በጉልበት ገፋ ካላደረጉት አይከፈትም። መሲ ዘንቢሏን እንደያዘች ሳብ፣ ገፋ አደረገችና ገባች። እኔ የሳሙናውን አረፋ ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ቀጭ… ቀጭ… የሚል ድምፅ መጣ፣ የፍሬቻ ዓይነት። ቆርቆሮው እያፈሰሰ ነው ብዬ ቀና አልኩ፣ ደረቅ ነው። ዞር ስል የመሲ ፊት አረንጓዴ ሆኗል። ዳሽቦርዱ በርቷል።

"መሲ፣ ምን ነካሽ?"

"ምንም አልነካሁም።"

አልደነገጠችም፣ እኔን ክው ያደረገኝ እሱ ነው። የፍጥነቱ ቀስት ቀስ እያለ ተነሳ፣ ዳገት እንደሚወጣ መኪና፣ አርባ ላይ ሲደርስ ቆመ። መኪናው እኮ ቆሟል!

"ከአርባ አያልፍም ነበር" አለች፣ ለእኔ አይደለም።

"ማነው የማያልፈው?"

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ፣ ሳንጋባ አሪቻ አስተማሪ ሳለች አርብ አርብ ታምራት በዚሁ ፒክአፕ ዲላ ድረስ ያደርሳት ነበር፣ መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅበት ብሎ ቀስ እያለ ይነዳ ነበር።

"በሚኒባስ ነው የምመጣው አላልሽኝም?"

"ስለምትቀና ነዋ!"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንዲያማት ፈልጌ "ሰውዬው እኮ ሞቷል" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችና ወረደች። እግሯ መሬት ሲነካ መብራቱ ጠፋ። በስልኬ መብራት አየሁ፣ የመኪናው ባትሪ መሬት ላይ፣ ስድስቱ አምፖሎች ጨርቁ ላይ። የዳሽቦርዱን መስታወት ነካሁት፣ ሞቅ ብሏል።

በሞተ ሰው የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያው እኔን እዩ። ያን ሌሊት መዶሻ ይዤ ልሂድ ብዬ ሁለት ጊዜ ከአልጋ ተነስቻለሁ። በነጋታው ስድስት አዲስ አምፖል ገጠምኩ፣ ሽቦውን ሁሉ ቀየርኩ፣ በቴስተር ስለካው ኃይል ይደርሳል፣ መብራቱ ግን ወይ ፍንክች። ለጋሽ ጅግሶ "አልቻልኩም" ብዬ መለስኩላቸው፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል። እሳቸውም "ነገርኩህ እኮ" ብቻ አሉኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አመሻሹ ላይ ቤት ቁጭ ብለናል። መሲ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ የእኔን ሸሚዝ እንደያዘች እጇ ቆመና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ስልኬ ጮኸ።

"በራች!" አሉ ጋሽ ጅግሶ። "ሬኮ ደጄ ላይ ቆማ፣ ሰው ሳይገባባት፣ አሁን በራች!"

"መሲ" አልኩ ስልኩን ከጆሮዬ ሳላወርድ፣ "ምን እያሰብሽ ነው?"

"እኔ? ኧረ ምንም" አለችና ሸሚዙን ማጣጠፍ ቀጠለች።

"ውይ" አሉ ጋሽ ጅግሶ፣ "ጠፋች።"

ለመሲ እስካሁን አልነገርኳትም፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ጋሽ ጅግሶ ደግሞ የዋህ ናቸው፣ ለሙያዬ የሚጠቅመኝ መስሏቸው በበራ ቁጥር ይደውሉልኛል። አሁን ስልኬ ሲጠራ መጀመሪያ የማየው ስልኩን አይደለም፣ እሷን ነው።