የዳኛው ቀይ ካርድ

ዳኛው የተገኘው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በዋናው መሥሪያ ቤት የመሣሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከተጋደመ መሰላል አጠገብ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ያገኘችው ጽዳት ሠራተኛዋ ጩኸቷን ለቀቀችው። ከመሰላል ወድቆ ነው ተባለ። ሐኪሙ ግን በግንባሩ የተደፋን ሰው ማጅራቱን ምን መታው ብሎ ፖሊስ አስጠራ።

ዳኛው ቅጽል ስሙ ነው። ሥራው የመድኃኒት መጋዘኑን ኮምፒውተሮች ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር በስልክ መስመር የሚያገናኙትን ሁለት መቀየሪያ ሳጥኖች መጠገን ነበር። መስመሩን ሲፈትሽ አንዱ ጫፍ ላይ ሉፕ ይሰካል። ሉፕ ከወዲያ የተላከውን ምልክት መልሶ ለላኪው የሚሰድ፣ አውራ ጣት የሚያህል መሰኪያ ነው፤ ምልክቱ ሲመለስ የላኪው መቀየሪያ መብራት አረንጓዴ፣ ሳይመለስ ሲቀር ቀይ ይሆናል። ተሰክቶ ከተረሳ መጋዘኑ እንደተቆረጠ ይውላል። ስለዚህ ዳኛው ሉፑ ላይ ቀይ ካርድ በክር አስሮበታል፤ ሲሰካ ካርዱን ፈትቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ ሲነቅል ይመልሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ «ዛሬስ ማንን አባረርክ?» እያሉ ቀልደውበታል።

የእህቱ ልጅ፣ እሷም ቴክኒሻን፣ አስከሬኑን ለማየት ስትገባ ዓይኗ መቀየሪያው ላይ ቀረ። ሉፑ ተሰክቷል። ቀዩ ካርድ ግን እዚያው ሉፑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የአጎቷ አንገት ባዶ ነው። ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ይህን ብትናገር ምን እንደሚከተል ገብቷታል። ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ባለው መቀየሪያ ላይ ቀይ የነበረው መብራት ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አረንጓዴ ሲሆን «አጎቴ ሉፑን ሰካ» ብላለች፤ የመጋዘኑ ኃላፊም አጠገቧ ነበር። ዳኛው እስከዚያ ድረስ በሕይወት ከነበረ፣ ከዚያ ወዲያ አብረው ስለቆዩ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ሉፑን የሰካው ሌላ ሰው ከሆነ ግን አጎቷ ቀድሞ ሞቷል። ኃላፊው ደግሞ ማለዳ ከፍቶ ከወጣ ወደ መጋዘኑ የተመለሰው ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት ብቻዋን ነበረች። ትናንት ከአጎቷ ጋር በሰው ፊት መጨቃጨቋን የማያውቅ የለም።

ኮሪደሩ ላይ ኃላፊው ወንበር አመጣላት፣ ውሃም ቀዳላት።

«አይዞሽ እህቴ፤ እኔና አንቺ አብረን ነበርን። ሌላ ነገር እንዳትቀባጥሪ፣ ለራስሽ ብዬ ነው» አላት። እጁን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ትዝ አላት፤ ለምን እንደሆነ ግን ገና አልገባትም።

መርማሪው ጆሮው የከበደ አዛውንት ነው። ሁሉንም «እስቲ ድገምልኝ» ይላል፤ ባልደረቦቹ አውቆ ነው ይሉታል። ኃላፊው መጀመሪያ መብራቱ ሲለወጥ መቀየሪያው ካለበት ካቢኔ ኋላ ቆሜ ነበር አለ፤ ሲደግም ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር አለ። መርማሪው ራሱን ነቅንቆ አሰናበተውና ልጅቷን አስጠራ።

«አስከሬኑ ዘንድ ስትገቢ ምን አይተሽ ነው የደነገጥሽው፣ ልጄ?»

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ከዚያ ስለ ካርዱ ነገረችው።

«ድገሚልኝ» አላት። ደገመች፤ አንዲት ቃል አልተለወጠችም።

መርማሪው ግማሽ ሰዓት ያህል ስልክ ሲያወራ ቆየና ልጅቷን፣ ኃላፊውን፣ ሥራ አስኪያጁንና ጽዳት ሠራተኛዋን መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ሉፑን ዳኛው አልሰካውም፤ ካርዱ አልተፈታም» ሲል ጀመረ።

«እንግዲያው ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከእኔ ጋር መሆኗ ምን ያደርግላታል? ቀደም ብላ ገድላው ሄዳለች ማለት ነው» አለ ኃላፊው ፈጠን ብሎ።

መርማሪው ግን ልጅቷን ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«ዳኛው ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ከዚህ ደውሎላታል። ወዲያው እሷ በመጋዘኑ ስልክ ለስልክ መሥሪያ ቤቱ ደወለች፤ አንተ እስክትመለስ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ መስመር ላይ ነበረች። ብልሽት የሚቀበለው ሰውዬ ድምፅዋን በደንብ ያውቀዋል፤ በየቀኑ ትነዘንዘዋለቻ።»

ልጅቷ በድንጋጤ ይህን ስልክ ጨርሶ ረስታው ነበር።

«ይኸው ሰውዬ ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ሲቀረው መስመሩን ለካ። የላከው ሁሉ ከዚህ ክፍል ተመልሶለታል፤ ሉፑ ያኔም ተሰክቶ ነበር ማለት ነው። ታዲያ መጋዘን ያለው መብራት አረንጓዴ መሆን ሲገባው ለምን ቀይ ሆነ? እዚያው መቀየሪያው ኋላ ገመድ ስለላላ። መጋዘኑን ማለዳ ከፍቶ የወጣው ማን ነው? መብራቱ ሲለወጥ ከካቢኔው ኋላ የቆመውስ? ገመዱን መልሰህ ስትገፋው አረንጓዴ በራ፤ የሞተ ሰው እንደሠራ ሆነ።»

ከዚያ ከዳኛው ኪስ የተገኘች ወረቀት አወጣ። መስመሩ በወሩ ውስጥ የተቋረጠባቸው ሰዓቶች ተጽፈውባታል፤ ሁሉም መኪና መድኃኒት ሊጭን የመጣባቸው ናቸው። መስመር ሲቋረጥ የሚወጣው መድኃኒት ዋናው መሥሪያ ቤት አይታይም። ዳኛው ይህን ደርሶበት ትናንት ኃላፊውን ጠይቆታል። የመሣሪያ ክፍሉ ስለሚሞቅ ዳኛው የኋላውን በር ከፍቶ እንደሚሠራም ሁሉም ያውቃል፤ ገዳዩ የገባው በዚያ ነው።

ኃላፊው ድገምልኝ ሳይባል ያንኑ «ተቀምጬ ነበር» ደጋገመ። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ።

ሌሎቹ ሲበተኑ መርማሪው ልጅቷን ጠየቃት፤ «ስልኩን ረስተሽዋል። አንገትሽን ለገመድ እየሰጠሽ ለምን ነገርሽኝ?»

«ዝም ብል ካርዱን ሳያንጠለጥል ሰካ፣ ረሳ ሊባል ነዋ» አለች። «አጎቴ አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም።»

ጠዋት አረንጓዴውን ስታይ አጎቴ መለሰልኝ ብላ ደስ ብሏት ነበር። የተመለሰላት የራሷ ምልክት ብቻ ነበር። አሁን አለቀሰች።

መጋዘኑ አሁንም እንደተቆረጠ ነው። ካርዱን ፈትታ አንገቷ ላይ አንጠለጠለች። ከዚያ ሉፑን ነቀለች፤ ካርዱንም ወደ ቦታው መለሰች።