ግራጫው የማውስ ምንጣፍ

ግንባሯን በመስተዋት ጠረጴዛዋ ላይ ደፍታ፣ ቀኝ እጇን ማውሱ ላይ እንዳሳረፈች ነበር ያገኟት። ከሩቅ ለሚያያት በሥራ መሀል እንቅልፍ የጣላት ትመስላለች። የመጽሐፍ ሽፋን የምትነድፍ፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ማተሚያ ቤቱን ከዋርሳዋ፣ ከባሏ ወንድም፣ ጋር የምታስተዳድር ሴት ነበረች።

ሐኪሙ ከንፈሯ ዳር የደረቀ ነጭ ዱቄት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። የእንቅልፍ መድኃኒት ይመስላል አለ፤ ያውም ለእንዲህ ያለ ደካማ ልብ። ስኒው ባዶ ነው፤ ተወልውሎ ደርቋል። ሻዩን ያመጣችላት ጸሐፊዋ ስለነበረች ፖሊሶቹ እሷን በር ላይ አቁመው መኪና ይጠብቃሉ። ጡት የሚጠባ ልጅ ቤት ትታ መጥታለች። ወተቷ ሸሚዟን አርጥቦታል፤ በሁለት ክንዷ ሸፍና ቆማለች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ምስጧ» ይሏታል፤ ድምፅ ሳታሰማ ገብታ ቤት ስለምታፈርስ። ዛሬ ግን እሷም ተናዳለች። አለቃዋ «ሻይ ያፈላችው ከታወቀች ምን ትጠብቂያለሽ?» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቶባታል። ከዚያ የባሰ ያበሳጫት ግን ማውሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ላይ ሟቿ የጀመረችው ሽፋን እንደተከፈተ ነው፤ ፀጉር በሚያህሉ መስመሮች የተሣለች ወፍ። መርማሪዋ የማውሱን ቀስት ወደ ወፏ ክንፍ ልትወስደው ሞከረች። ቀስቱ እምቢ አለ። ገፋ ስታደርገው እንደ ፌንጣ ዘሎ ጥግ ገባ። ስትመልሰው ተንቀጠቀጠና ባለበት ቀረ። ገልብጣ አየችው፤ ከሆዱ ቀዩ ብርሃን ደህና ይበራል። ነቅላ ሰካችው። አሁንም ያው።

«አንተም ታላግጥብኛለህ?» አለችው በጥርሷ መሀል።

ከማውሱ ሥር ያለው ምንጣፍ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው። የሟቿ ባል ፎቶ ታትሞበታል፤ ሰውየው በሙሉ ጥርሱ ይስቃል። ምንጣፉን አንሥታ ማውሱን ባዶው መስተዋት ላይ አደረገችው። ጭራሽ ሞተ። ከማተሚያው ቁርጥራጭ አንድ ነጭ ወረቀት አምጥታ አነጠፈችለት። ቀስቱ ቀጥ ብሎ ሄደ።

ማውሱ ምንም አልሆነም፤ ያስቸገረው የተቀመጠበት ነው። እንዲህ ያለው ማውስ ከሥሩ ያለውን በብርሃን እያየ ነው የሚሄደው፤ መስተዋት ብርሃኑን ያሳልፍበታል፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ደግሞ መልሶ ያንጸባርቅበታል። ታዲያ ሴትየዋ እነዚያን መስመሮች ምን ላይ ሆና ሣለቻቸው?

ጎንበስ ብላ መስተዋቱን በአግድም አየችው። መሀሉ በጨርቅ ተጠርጓል፤ ዳር ዳሩ ላይ ግን የሳሳ አቧራ አለ። አቧራው ላይ የአንድ ምንጣፍ ጠርዝ ተሥሏል፤ ከፎቶው ምንጣፍ በጣት የሚሰፋ።

የማተሚያ ቤቱን ማሽነኛ ጠራችው። ምሳ ሰዓት ሙሉ ማሽኑ ሲጮኽ ስለነበር ማን እንደገባ አልሰማም፤ የጓሮው በር ደግሞ በቀጥታ ወደ ሟቿ ክፍል ያስገባል። ስለ ምንጣፍ ስትጠይቀው ዓይኑን ጨፈነ።

«ምንጣፍ የሚባል ነገር አያንሡብኝ፣ እህቴ።»

ከዚያ ዘረገፈው። ሰሞኑን በቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረም። ቆዳው ያንሸራትታል፣ ፕላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ ባለ አበባው ቀስቱን ያደናብራል፤ ሟቿ እየገዛች ስለምትመልስ ባለሱቁ ከሩቅ ሲያያት መደበቅ ጀምሮ ነበር።

«በመጨረሻ አንድ ግራጫ ጨርቅ፣ ሥሩ ጎማ የሆነ፣ መርጣ ተገላገልን። እኔ ሚስቴን የመረጥኩት በአንድ ከሰዓት ነው።»

«ያስታውቃል» አለች ጸሐፊዋ ከበሩ፣ እንባዋን ሳትጠርግ።

«ታዲያ ግራጫው የት ገባ?»

ማሽነኛው ጠረጴዛውን አይቶ ትከሻውን ሰበቀ። ጸሐፊዋ አንገቷን ደፋች።

ዋርሳው ወንበር ስቦ ተቀምጦ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት መጋዘን እንደነበረና በስልክ ተጠርቶ እንደመጣ ተናገረ። ማተሚያ ቤቱ ይሸጥ ማለቱንም፣ እሷ እምቢ ማለቷንም አልካደም፤ የቤተሰብ ጭቅጭቅ የትም አለ አለ። ከዚያ ወደ ፎቶው አየና ድምፁ ለሰለሰ።

«እሱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ወንድሜን ከዓይኗ አትለየውም ነበር። በመጣሁ ቁጥር እዚያው ጠረጴዛዋ ላይ ነው።»

መርማሪዋ ጸሐፊዋን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«ስለ ምንጣፉ የምታውቂው አለ።»

«የእትዬ ምስጢር ነው።»

«ልጅሽን ማን ያጠባልሻል?»

ጸሐፊዋ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ቀስ ብላ ጥቂት ነገር ነገረቻት። መርማሪዋ ተመልሳ የዋርሳውን ቁልፍ ጠየቀች፤ ሳይወድ ሰጣት። አንዱን ፖሊስ ወደ መኪናው ላከችው፤ የቀሩትን ሁሉ በሟቿ ክፍል ሰበሰበቻቸው። አለቃዋ እንደገና ሲደውል ስልኩን በፊቱ ደፋችው።

«በዚህ ፎቶ ላይ ሥራ አይሠራም» ብላ ጀመረች። ማውሱን አንዴ ፎቶው ላይ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ አንቀሳቅሳ አሳየቻቸው። ትሠራ የነበረው በግራጫው ነው፤ አቧራው ላይ ያለው ልክ የእሱ ነው። «ጨርቁን ማን ወሰደው? ለምንስ? ሻይ ፈሶ ነበር። መስተዋት ይጠረጋል፣ ፕላስቲክ ይጠረጋል፣ ስኒም ይወለወላል። መድኃኒት ያለበት ሻይ የጠጣ ጨርቅ ግን አይጠረግም።»

«ሻይ ያመጣችው እሷ ናት» አለ ዋርሳው ወደ ጸሐፊዋ እያመለከተ።

«ልክ ነው። ግን ፎቶው ጠረጴዛው ላይ ምን ይሠራል?»

«ነገርኩሽ እኮ፤ ሁልጊዜ እዚያው ነው።»

«እርስዎ ሲመጡ።»

የሚሽከረከር ቁልፍ የለም፤ ጣቱ ግን ባዶውን ዞረ።

«የሚኖረው ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ነው» አለች መርማሪዋ። «ማውሱ አይሄድበትም፤ ቢሄድም በባሏ ፊት ላይ ማውስ መግፋት አልሆነላትም። አልፈልገውም እንዳትልዎት ደግሞ ይሉኝታ ያዛት። ስለዚህ በጓሮው መስኮት ጥላዎን ባየች ቁጥር ከመሳቢያው አውጥታ ግራጫው ላይ ትደርበዋለች። ሲወጡ ትመልሰዋለች። ዛሬም አወጣችው። የምትመልሰው ግን አልነበረችም።»



«መድኃኒቱን የጨመሩበት ሻይ ሲፈስ ፎቶውን አነሡ፣ ከሥሩ የረጠበ ጨርቅ አገኙ። ተራ መደላድል መሰለዎት። ወሰዱት፤ ፎቶውን ጠርገው እጇን መለሱበት። ይህች ልጅ ብታደርገው ኖሮ ፎቶውን መሳቢያው ውስጥ በተወችው ነበር። እሱን ጠረጴዛው ላይ አገኘዋለሁ ብሎ የሚያስብ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ፖሊሱ ገባ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ያገኘውን ግራጫ ጨርቅ በላስቲክ ይዟል፤ ገና እርጥብ ነው፣ ሻይ ይሸታል። ዋርሳው ጨርቁን ሳይሆን ፎቶውን ነበር የሚያየው።

«አልወደደችውም ነበር?» አለ።

ይዘውት ወጡ።

መርማሪዋ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች፤ «ይህን ቀድመሽ ብትናገሪ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልቆምሽ» አለቻት።

«በእሱ ፊት እንዴት ብዬ?» አለች ጸሐፊዋ። «እትዬ ስንት ጊዜ ደብቃው።»

«ሂጂ፣ ልጅሽ ይጠብቅሻል።»

ጸሐፊዋ ቦርሳዋን አነሣች። በጠረጴዛው በኩል ስታልፍ ዋርሳውን የጫነው መኪና በጓሮው በኩል ሲነሣ ተሰማ። ሳታስብ፣ እትዬ እሱ ሲወጣ እንደምታደርገው፣ የታችኛውን መሳቢያ ከፈተች፤ እጇን ወደ ፎቶው ሰደደች።

«ተይው» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ምስክር ነው።»

ጸሐፊዋ መሳቢያውን ባዶውን ዘጋችውና ወደ ልጇ ሮጠች።