ደብተሯን ሰርቆ እህቷን የዳረው

ማኅደሩ ከተሰቀለበት አልወረደም ነበር።

ሌባው ጅል አይደለም። ስድስቱን ደብተር ከቆዳው ማኅደር አውጥቶ፣ በምትካቸው ስድስት ሌላ ከቶ፣ ጠፍሩን እንደነበረ አስሮ መልሶ ሰቅሎታል። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥሩ ተኝተዋል። ዓይናቸው ደክሟል። ከመደባቸው ሆነው የሚያዩት ማኅደሩ ማበጡን ብቻ ነው። አብጧል።

ባንቻየሁ አዲ አርቃይ ለቅሶ ከርማ ደባርቅ በገባች ማግስት መጣች።

«መሪጌታ፣ ያውርዱልኝማ። ልዳብሰው።»

ፊደል አታውቅም። ደብተሯን ግን በእጇ ታውቀዋለች። እሷ እየነገረቻቸው መሪጌታ ሲጽፉ እጃቸው ይጫናል፤ የፊደሉ ጠባሳ በወረቀቱ ጀርባ ይዳሰሳል። አንዱን ገልጣ ጣቷን አሳለፈችበት። ልሙጥ ነው። ሁለተኛውን ገለጠች። ልሙጥ።

«ባዶ ነው» አለች።

«የምን ባዶ?»

«የሦስት ዓመት ቃሌን ወስደው ባዶ ወረቀት ሰቅለውልዎታል! አንቱ ከሥሩ ሲያንኮራፉ!»

ወሬው ሲሰማ የከተማው ግማሽ ሳቀ። ማንበብ የማትችል አሮጊት ልብ ወለድ ደረስኩ ትላለች፣ አሁን ደግሞ ተሰረቅሁ ትላለች። ይሳቅ። ጥርስ ያለው ሁሉ ይሳቅ። ቃል የሚወለደው ከአፍ ነው፤ ፊደል ልብሱ ነው። ልብስ ሰፊ ደግሞ ልጁን እኔ ወለድኩት አይልም።

ሳጅን ምስክር አልሳቀችም። ከዛሪማ ተዛውራ የመጣች ፖሊስ ናት፤ ሰው ሲናገር አፍ አፉን የምታይ።

«እማማ፣ ደብተሩ ውስጥ ምን ነበር?»

«እህቴ።»

«አልገባኝም።»

«እናናዬ። ታናሼ ናት። በአሥራ አራት ዓመቷ ከምንጭ ስትመለስ ጠልፈው ዳባት ወሰዷት። ያየህ የሚባል ሰው። ዓመት ኖራ አመለጠች። በእግሯ ሊማሊሞን ወርዳ አክስታችን ዘንድ፣ አዲ አርቃይ ልትገባ ነበር። ደረሰባት። እኛ ያገኘናት ከገደሉ ሥር ነው። ሽማግሌ ተቀመጠና "አዳልጧት ነው" አለ። አርባ ሰባት ዓመት አዳልጧት ነው! እኔ አላዳለጣትም ብዬ አስጻፍኩ። ከሞተች ወዲህ ያላት ቤት ያ ደብተር ነው።»

«ቅጂ የለውም?»

«የለውም። ሞኝነቴን አውቃለሁ፣ አንቺ አትንገሪኝ።»

«ማን ይጠላዋል?»

«የያየህ ልጅ፣ ገዱ። "የአባቴን ስም ካነሳሽ ምላስሽን አስቆርጣለሁ" ብሎኛል።»

በማግስቱ ሁለቱም ዳባት ወረዱ። ገዱ ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት ለብሶ ወጣ።

«የእማማን ደብተር ወስደሃል?» አለች ሳጅን ምስክር።

«አላየሁትም። ባገኘው ኖሮ ያኔውኑ አቃጥለው ነበር።»

ባንቻየሁ ነደደች። «አባትህ እህቴን ገደል ይክተት፣ አንተ ደግሞ ወረቀቷን አቃጥል! ዘራችሁ ከእሷ ላይ እጁን መቼ ነው የሚያነሳ?»

«እትዬ፣ አባቴ አልጋ ላይ ነው። አንደበቱ ተይዟል።»

«የኔ አልተያዘም!»

ሳጅኗ ጎትታ አወጣቻት። መንገድ ዳር ቆመው መኪና ሲጠብቁ፣ «እሱ አይደለም» አለች።

«አቃጥለው ነበር ሲል አልሰማሽም?»

«ስለሰማሁ ነዋ። የሚያቃጥል ሰው ባዶ ደብተር ገዝቶ አይተካም። የተካው ሰው ስርቆቱ ቶሎ እንዳይታወቅ የፈለገ ነው። ደብተሩ ለሥራ አስፈልጎታል። ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚመስሉም ያውቃል። ማን አይቷቸዋል?»

ባንቻየሁ በጣቷ ቆጠረች።

ከመሪጌታ ሌላ ገልጦ ያያቸው አንድ ሰው ነው። አለምነህ።

አለምነህ በከተማው አዳራሽ መጻፍ የሚያምራቸውን ወጣቶች ሰብስቦ የልብ ወለድና የፊልም ጽሑፍ የሚያሠለጥን ሰው ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ ምላሱ ቅቤ። በጥር ባንቻየሁም ስድስቱን ደብተር ታቅፋ ሄዳ ነበር። ከመሐል ሁለት ሦስት ገጽ አነበበና ፈገግ አለ።

«እማማ፣ ቋንቋዎ ግሩም ነው። ግን ዋናዋ ገጸ ባሕርይ መሞት የለባትም። ተመልካች ከፍሎ ገብቶ ሬሳ አይፈልግም። ጠላፊውንም ትንሽ ደግ ያድርጉት።»

«ደግ ከሆነ ለምን ጠለፋት?»

ወጣቶቹ ሳቁ። አለምነህም ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

«ደብተሩን ይተዉልኝ፣ አይቼ አስተያየት እሰጥዎታለሁ።»

«የኔ ደብተር ከሰው ቤት አያድርም። በማኅደሩ ሆኖ መሪጌታ ዘንድ ነው የሚያድር» ብላው ወጣች።

አፏ ይቆረጥ! ቤቱን ራሷ ነገረችው። የካቲት ላይ የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ነበር። ሕዝቡ ከታቦቱ ጋር ነው፣ መሪጌታ ማኅሌት ቆመዋል፣ በራቸው የሚታሰረው በገመድ ነው።

«ይኼ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም» አለች ሳጅን ምስክር። «ግን ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በመጡ ፊልም ሠሪዎች ፊት አዲስ ድርሰት ያነባል ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰምቻለሁ። ሄደን እንስማው። እርስዎ እንዳይናገሩ።»

«እሞክራለሁ።»

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ባንቻየሁ መሪጌታን በክንዳቸው ደግፋ አስገባች፤ እማኝ ቢያስፈልግ ጸሐፊው ይኑሩ ብላ። አለምነህ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ።

«"እንስራው ከምንጩ ዳር ተሰበረ። ውሃው እስከ ዛሬ አልደረቀም።"»

ባንቻየሁ ወንበሩን ጨበጠች። ቃሏ ነው። እናናዬ ከነነጠላዋ፣ ከነሳቋ፣ ከዚያ ሰው አፍ ወጣች። ጠለፋው መጣ። የዳባቱ ቤት መጣ። ማምለጧ መጣ። የሊማሊሞ ሦስተኛው ጥምዝ መጣ። ባንቻየሁ ዓይኗን ጨፈነች፤ ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለች።

አታውቀውም ነበር።

ጠላፊው ደረሰባትና ተንበረከከ። አለቀሰ። እናናዬ እንባውን ጠረገችለት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳባት ተመለሱ። ድግስ ተደገሰ። አንድ ቄስ ተነሥተው በግዕዝ መረቁ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«አንተ!» ባንቻየሁ ተነሣች። «እህቴን ለገዳይዋ ዳርካት? ሰርቀህ አልበቃህም? ሬሳዋን ከገደል አውጥተህ ሙሽራ አደረግካት?»

አለምነህ አልደነገጠም። ለእንግዶቹ ፈገግ አለ። «እማማን አውቃቸዋለሁ። ሥልጠናዬ ላይ ይህን ታሪክ ስናገር ሰምተውኛል። ዕድሜ ነው፣ ይቅር በሏቸው።»

«እኔ ነኝ ከአንተ የሰማሁ?» አለችና ከእንስራው ጀምራ አንድ ምዕራፍ ሙሉ፣ ትንፋሽ ሳትሰበስብ፣ ቃል ሳትጥል በቃሏ አነበነበችው።

«ይኸው!» አለ አለምነህ። «በቃላቸው ይዘውታል። ፊደል የማይለይ ሰው እንዲህ ሊጽፍ ይችላል? ፍርዱን ለእናንተ።»

ሰው ራሱን ነቀነቀ። የገዛ ልጇን በስሙ ስለጠራች ሌባ የተባለች እናት መሰለች።

ያኔ መሪጌታ በትራቸውን መሬት መቱ።

«የኔ ልጅ፣ ያን የቄሱን ምርቃት ድገምልኝ እስቲ።»

አለምነህ ደስ አለው። ድምፁን አወፈረ። «"ለወለተ ኪዳን እንተ አጽሐፈቶ፣ ይምሐራ እግዚአብሔር።"»

መሪጌታ ሳቁ። እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳጅን ምስክር ወደ መድረኩ ወጣች። «አቶ አለምነህ፣ ወለተ ኪዳን ማን ናት?»

«ሙሽራዋ።»

«የሙሽራዋ ስም እናናዬ ነው።»

«የክርስትና ስሟ ነዋ።»

«እንተ አጽሐፈቶ ማለትስ?»

«ማለት… ያው የተባረከች፣ የተመረጠች እንደ ማለት ነው።»

«መሪጌታ፣ ምን ማለት ነው?»

«ይህን ላስጻፈችው ለወለተ ኪዳን እግዚአብሔር ይማራት ማለት ነው» አሉ መሪጌታ። «የኔ ቃል ነው። የብራና ጸሐፊ ያስጻፈውን ሰው የክርስትና ስም ሳያነሣ ብዕሩን አያስቀምጥም። አባቴም፣ አያቴም እንዲህ ነው ያደረጉ። ስሟን በቀይ ቀለም ልጽፍ ነበር፤ ቀዩ አለቀብኝና በጥቁሩ ከቀብሩ ጸሎት አስጠግቼ ጻፍኩት። ይኼ ደግሞ የቄሱ ንግግር መሰለውና ለሠርጉ አዞረው!»

ግዕዝ ሲሰማ ራሱን ጎንበስ የሚያደርግ እንጂ ምን ተባለ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። አለምነህም የተመረቀ መሰለው። የሌላ ሰው ስም ተሸክሞ ሦስት ሳምንት ዞረ።

ሳጅኗ የባንቻየሁን የነፍስ አባት በስልክ ጠራቻቸው፤ ድምፁን ሰው ሁሉ እንዲሰማው አደረገችው።

«አባ፣ የእማማ ባንቻየሁ የክርስትና ስም ማን ነው?»

«ወለተ ኪዳን። ምነው፣ በሰላም ነው?»

ሳጅኗ ወደ አለምነህ እጇን ዘረጋች።

«ቦርሳህን።»

ስድስቱም ከቦርሳው ወጡ። ባንቻየሁ ተቀብላ የአንዱን ገጽ ጀርባ ዳሰሰች። ሻካራ። ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ለምን?» አለች ሳጅን ምስክር።

የአለምነህ ነጭ ሸሚዝ ረጥቦ ነበር። «ስምንት ዓመት አሠለጠንኩ። እንዴት እንደሚጀመር፣ እንዴት እንደሚቋጭ ለስንቱ ነገርኩ። ለራሴ አንድም ጨርሼ አላውቅም። ሰዎቹ ከአዲስ አበባ እንመጣለን ሲሉኝ የማሳያቸው አጣሁ። እሳቸው ደግሞ… ምንም ሳይማሩ… ያለ አንድ ስርዝ…»

«ያለ ስርዝ?» አለች ባንቻየሁ። «አርባ ሰባት ዓመት ሆዴ ውስጥ ስሰርዝ ስደልዝ የኖርኩት ነው! አንተ በሦስት ሳምንት መጨረስ ፈለግህ። አልቅሰህ የማታውቀውን ሰው ቀብር ልትጽፍ ፈለግህ። አላውቅበትም ብለህ እግሬ ሥር ብትቀመጥ ኖሮ አስተምርህ ነበር።»

ወደ ወጣቶቹ ዞረች። «እናንተም! በኔ የሳቃችሁ! መጻፍ ካማራችሁ መጀመሪያ መስማት ልመዱ። የሚያማችሁን ጻፉ፤ የማያማችሁን ለሚያመው ተዉለት። ሬሳ አይፈልግም የሚላችሁን አትስሙ፤ ሬሳ ያለበት አገር ሬሳውን ይጻፍ። ደግሞ እንደኔ አትጃጃሉ። ሁለት ቅጂ ይኑራችሁ። ጨርሳችሁም ሳትጨርሱም ስማችሁን ጻፉበት። እኔን ያዳነኝ ብልሃቴ አይደለም፣ የመሪጌታ የአባት ልማድ ነው።»

ከእንግዶቹ አንዱ ተነሥቶ ስለ ፊልሙ ሊያናግራት ጀመረ። «ቁጭ በል፣ አልጨረስኩም» አለችው። ቁጭ አለ።

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች።

«ቆይ፣ ልጄ» አለች ባንቻየሁ። ስድስተኛውን ደብተር ለአለምነህ ሰጠችው። «የመጨረሻውን ገጽ ገልጠህ አንብብ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የዳርካትን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መልሳት።»

«እማማ…»

«አንብብ!»

አነበበ። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ እናናዬ ዞር አለች። ሰውዬው ደረሰ። አልተንበረከከም። አላለቀሰም። ከፊት ወንበር አንዲት ሠልጣኝ አፏን በእጇ ያዘች። አለምነህ ማንበቡን አቆመ።

«ቀጥል» አለች ባንቻየሁ። «አንዲት ቃል ቀርታሃለች።»

«…ገፈተራት» አለ።

አርባ ሰባት ዓመት አዳለጣት ሲባል የኖረው በሕዝብ መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ተባለ። ያጨበጨበ የለም።

ባንቻየሁ ደብተሯን ከእጁ ወሰደች፣ ዘጋችው፣ ከሌሎቹ ጋር በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«አሁን ውሰጂው» አለቻት ሳጅኗን።